የላሞቹ አሥር ደቂቃ

ከትሪኒዳድ እስከ ሳን ብላስ በአውሮፕላን ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ዛሬ ይህን የጠየቃችሁት ወጣት ሁሉ ስልኩን ከኪሱ መዥረጥ፣ በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ፣ «መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር፣ አርባ አንድ ደቂቃ» ይላችኋል። ይበል፤ አፉን አልይዘውም። እኔ ግን እዚህ ቦሊቪያ፣ ቤኒ ሜዳ ላይ፣ ከትናንሽ አውሮፕላኖች ማረፊያ አጥር ሥር የአይብ ዳቦ ስሸጥ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። መልሱን የነገሩኝ ዶን ቴዎዶስዮ ጓሲናቤ ናቸው። ሃምሳ አምስት ደቂቃ ነው፤ አለቀ።

ዶን ቴዎዶስዮ ፓይለት አይደሉም። የሬዲዮ ሠራተኛ ናቸው፤ ነዳጅ ቀጂም ናቸው፤ ሚዛኑ ላይ ቆመው መንገደኛውን ከነሻንጣው የሚመዝኑትም እሳቸው ናቸው። ድርጅቱ ሦስት ሰው መቅጠር ሲከብደው እሳቸውን ሦስት ጊዜ ቀጠራቸው። ቀጭን፣ አጭር ሰው ናቸው። ሲያዳምጡ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋሉ፤ ከልማድ ብዛት ኮፍያቸውም ወደ ግራ አዘንብሎ ቀርቷል።

በሬዲዮዋ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ሰፊ ሳንቃ ሰቅለዋል። የሃያ ሦስት ቦታዎች ስም በሰማያዊ ቀለም ተጽፎበታል፤ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ የመሄጃ፣ አንዱ የመመለሻ። አንዲት ቁጥር ለመቀባት አርባ በረራ ይጠብቃሉ። አውሮፕላኑ ከእኛ ዘንድ ሲነሣ በእርሳስ ይጽፋሉ፤ እዚያ ማዶ ወረደ ሲባል ይጽፋሉ፤ አርባ ሲሞላ ብሩሽ ያነሣሉ። ከዚያ በፊት ጳጳሱ ቢለምኗቸው አይቀቡም። ፓይለቶቹ ነዳጅ የሚያስቀዱት በዚያ ሳንቃ ነበር፤ በሳንቃው አምኖ ነዳጅ ያለቀበት ሰው አልሰማሁም።

አንድ ጊዜ ብቻ ጆሯቸው ከሬዲዮው ርቆ ነበር። ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት፣ እሑድ ቀን፣ የሰፈራችን ቡድን ለዋንጫ ሲጫወት ለአንዲት ሰዓት ብለው ወጡ። ያን ቀን የተነሣ አንድ አውሮፕላን አልደረሰም። እዚያ ማዶ ያሉት «አልተነሣም» ብለው ተኙ፤ እኛም «ደርሷል» ብለን ተኛን። ፓይለቱ ዶን ኤርናን ረግረግ ውስጥ ክንፉ ላይ ተቀምጦ ሁለት ቀን አደረ። በሕይወት ተገኘ፤ እግሩ ግን ተቆረጠ። ኤርናን ይቅር ብሏቸዋል፤ በየገናው ዳክዬ ይልክላቸዋል። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ሰማይ ላይ አውሮፕላን ካለ ከክፍሏ አይወጡም። ሰማይ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አውሮፕላን አለ። ስለዚህ ኳስም አይተው አያውቁ፣ አውሮፕላንም ተሳፍረው አያውቁ። ከመሬት ከፍ የሚሉት ጣሪያ ሲጠግኑ ብቻ ነው። ይህን የምናውቀው እኔና የልጅ ልጃቸው ሎርሂያ ነበርን።

ሎርሂያን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ የክርስትና እናቷ ደግሞ እኔ ነኝ። ከነዳጅ በርሜል ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ያደገች ልጅ፣ በሃያ ሰባት ዓመቷ የፓይለትነት ፈቃዷን ይዛ ከሳንታ ክሩስ ስትመለስ፣ ያን ዕለት ያለኝን የአይብ ዳቦ ሁሉ በነፃ አደልኩ። አያቷ እንኳን እንደዚያ አልሆኑም።

እሷ በመጣች በወሩ ኢንጂነር ግሮቨር መጣ። ከኮቻባምባ የተላከ አዲሱ የበረራ ኃላፊ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አልዋሽም፤ ግን እዚህ ድንጋይ በሚያላብ ሙቀት የቆዳ ጃኬቱን ለብሶ ሳምንት የቆየ ሰው ነው። ታብሌቱን በብብቱ ይዞ ሳንቃው ፊት ቆመ።

«ዶን ቴዎዶስዮ፣ ይህ ሃምሳ አምስት ከየት መጣ? ሳን ብላስ አርባ አንድ ደቂቃ ነው።»

«አርባ አንዱ ልክ ነው ኢንጂነር። አራቱ ወንዙን ተከትሎ ለመሄድ ነው፤ ሞተር እንቢ ካለ ከጫካው ወንዙ ይሻላል። አሥሩ ለላሞቹ ነው።»

«ለምኖቹ?»

«ለላሞቹ።»

ኢንጂነሩ እየቀለዱበት መሰለው፤ እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ «ለላሞቹ ነዋ!» አልኩት፤ ይህን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ?

የሳን ብላስ ኤርፖርት ማለት ሣር፣ ቤተ ክርስቲያንና ደወል ነው። ዝናቡ ገብቶ ሜዳው በጎርፍ ሲዋጥ ደረቅ ሆኖ የሚቀረው ማኮብኮቢያው ብቻ ስለሆነ የመንደሩ ከብት ሁሉ እዚያ ላይ ይተኛል። በበጋም ቢሆን ምርጡ ሣር እዚያው ነው። ፓይለቱ ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ደወል ደዋዩ ኒካኖር ድምፁን ሰምቶ ይደውላል፤ ሁለት ፈረሰኞች ይመጡና ከብቱን ይነዳሉ፤ አውሮፕላኑ ዞሮ ያርፋል። አሥር ደቂቃ። ዶን ቴዎዶስዮ እዚያው ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው፤ አልፎ አልፎ ሳይሆን በየበረራው ነው የቆጠሩት።

ኢንጂነሩ ቅጹን አወጣ። አውሮፕላን ከተባለለት ሰዓት ሲዘገይ የሚሞላ ወረቀት ነው። «እዩት፤ የሚዘገይበት ምክንያት አራት ነው። የአየር ጠባይ፣ የሞተር ችግር፣ የመንገደኛ መዘግየት፣ ኤርፖርት ዝግ። ላም የሚል የለም።»

«ጻፉበታ» አሉ ዶን ቴዎዶስዮ።

«የታተመ ነው!»

በሳምንቱ የድርጅቱ አዲስ ካርድ ወጣ። ሳን ብላስ፣ አርባ አንድ መሄጃ፣ አርባ አንድ መመለሻ፣ ሠላሳ መጠባበቂያ። የእኛ ባለ ስድስት ወንበር በደቂቃ አንድ ሊትር ስለሚጠጣ፣ መቶ አሥራ ሁለት ሊትር ማለት ነው። ሳን ብላስ ነዳጅ የሚባል ነገር የለም፤ የመመለሻውን ይዛችሁ ካልሄዳችሁ እዚያው ከላሞቹ ጋር መኖር ነው።

የካርዱ የመጀመሪያ ቀን የሳን ብላስ የንግሥ በዓል ቀን ላይ ዋለ። የካቲት፣ ጎርፉ ጣራ የደረሰበት ጊዜ። ለሎርሂያም ብቻዋን አዛዥ ሆና የምትበርበት የመጀመሪያ ጉዞ ነበር። ተሳፋሪዎቹ አራት ነን፤ ሁለት ዋሽንት ነፊ ወንድማማቾች ከነከበሯቸው፣ እኔ፣ ኢንጂነር ግሮቨር። እኔ ስለት አለብኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ጉሮሮዬ ተዘግቶ ሦስት ወር ድምፅ አጥቼ ነበር፤ ቅዱስ ብላስ ደግሞ የጉሮሮ ቅዱስ ነው፤ ድምፄን ከመለስክልኝ ሻማ ይዤ በእግሬ እመጣለሁ ብዬው ነበር። በእግር ጎርፍ ነው፤ በአውሮፕላን ቢሆንም ይቅር ይለኛል ብዬ ነው። ዶን ቴዎዶስዮ «ድምፅሽን ሲመልስ የሌላ ሰው ጨምሮ ነው የሰጠሽ» ይሉኛል። ኢንጂነሩ የሚሄደው በእጁ የሩጫ ሰዓት ይዞ አርባ አንዱን ሊያረጋግጥ ነው።

ሚዛኑ ላይ ወጣን። በእኛ ዘንድ ኪሎ በሹክሹክታ አይነገርም፤ ይጮኻል።

«ዶኛ ኔሊዳ፣ ሰማንያ ሦስት!»

«ከነጫማዬ ነው!» አልኩ።

«ጫማሽ ከሳጥን ነው የተሠራው?» አለ ትልቁ ዋሽንት ነፊ። ልመልስለት ነበር፤ ግን ዶን ቴዎዶስዮን አየሁና ተውኩት። ፊታቸው አልሳቀም። የነዳጁን ቱቦ እንደያዙ ቆመዋል።

«ኢንጂነር፣ መቶ አሥራ ሁለት ዛሬ አይበቃም። ሳንቃዬ ላይ መሄጃው ሃምሳ አምስት ነው፤ ዛሬ ግን ሃምሳ አምስትም ያጥራል። ጎርፍ ነው፣ በዓል ነው። ከብቱ ሁሉ ማኮብኮቢያው ላይ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ደግሞ የቅዱሱን ምስል ይዞ ወንዝ ላይ ነው።»

ኢንጂነሩ ላቡን ጠረገ። ክፉ አልነበረም፤ ግን አዲስ አለቃ ነው፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። «ዶን ቴዎዶስዮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን መስመር በረውት ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ሌላስ መስመር?»

«አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም።»

ዋሽንት ነፊዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። መካኒኩ እጁን ከሞተሩ ውስጥ አወጣ። ያን ያህል ዓመት ቁጥራቸውን አምኖ የኖረ ሰው ሁሉ ያን ጊዜ ነው የሰማው። አንጀቴን በሉት። እሳቸው ግን ኮፍያቸውን እንኳን አልነኩም። «ያላየሁትን አልጻፍኩም ኢንጂነር። የሰማሁትን ነው የጻፍኩት» አሉ።

«እንግዲያው ዛሬ ይቆጠራል» አለ ኢንጂነሩ። «አርባ አንድ ከሆነ ሳንቃው ማታውኑ በኖራ ይጠፋል። ሁለት ዓይነት ቁጥር እያየ የሚበር ፓይለት አልፈልግም።» የኖራውን ባልዲ ለካስ አስቀድሞ አስመጥቶት ኖሯል፤ ብሩሽ ተነክሮበት ከሳንቃው ሥር ቁጭ ብሏል። ባልዲውን ሳየው በንዴት ጋልኩ፤ እንኳን ዳቦ፣ ሰው የምጋግር መሰለኝ።

ሁሉም ወደ ሎርሂያ ዞረ። ምስኪን፣ ከንፈሯን ትነክሳለች። አያቷ በአንድ በኩል፣ አለቃዋ በሌላ በኩል። «አባባ፣ አንተ ብትሆን ስንት ትቀዳለህ?» አለች።

«እኔ ቀጂ ነኝ፤ አዛዥዋ አንቺ ነሽ» አሉ። «የምታዢኝን እቀዳለሁ።»

ካርዱን ኪሷ ከተተችና፣ «ከካርዱ በላይ ነው የምፈልገው» አለች። ድምጿ ቀጥ ብሎ ነው የወጣው። ኮራሁባት።

«ጥሩ» አለ ኢንጂነሩ፣ «አዛዥ ነሽ፣ መብትሽ ነው። ግን አውሮፕላኑ እስከ መጨረሻዋ ኪሎ ተጭኗል። ነዳጅ ከጨመርሽ የሆነ ነገር ይወርዳል። ማን ይውረድ?»

ዋሽንት ነፊዎቹ ከበሯቸውን እቅፍ አደረጉ። ያለ ከበሮ በዓል የለም፤ እውነታቸውን ነው። ኢንጂነሩ የሩጫ ሰዓቱን አጥብቆ ያዘ። እኔም ሻማዬን ይዤ አሰብኩ። ሁለት ዓመት የዘገየ ስለት ነው፤ ለቅዱሱም ቢሆን ትዕግሥት ልክ አለው።

«ዶን ቴዎዶስዮ!» አልኩ። «እኔ በነዳጅ ብቆጠር ስንት ደቂቃ ነኝ?»

ለመቁጠር ዓይናቸውን አልጨፈኑም። «መቶ አሥራ አምስት። ነዳጅ ከውኃ ይቀላል።»

«ይኼን ያህል ነኝ እንዴ?» አልኩና ወረድኩ። በሕይወቴ በኪሎዬ የኮራሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሻማውን ለሎርሂያ ሰጠኋት። «አንቺ አብሪልኝ፤ ለቅዱሱም ኔሊዳ ነዳጅ ሆና ነው የቀረችው በይው።» ዶን ቴዎዶስዮ ታንኩን በእኔ ልክ ሞሉት። ተነሡ።

እኔም ወደ ሬዲዮዋ ክፍል ገባሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ከደጇ ተቀምጬ ሲያዳምጡ ውስጥ ሆኜ አይቻቸው አላውቅም ነበር። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ አንገታቸውን አዘንብለው ቁጭ ይላሉ። አያወሩም። እኔ ላውራ ስል መዳፋቸውን ከፍ ያደርጋሉ። አርባ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት ለእኔ ምን እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። የኢንጂነሩ ድምፅ ነበር፤ ሳቅ ሳቅ ይለዋል። «ዶን ቴዎዶስዮ! ሳን ብላስ ከሥራችን ነው። አርባ አንድ! ሰከንዱ እንኳን ልክ ነው!»

ባልዲውን አየሁት። «ደስ ይላል» አሉ ዶን ቴዎዶስዮ። «አረፋችሁ?»

ሬዲዮው እንደገና ተንኮሻኮሸ።

ቀጥሎ የመጣው የሎርሂያ ድምፅ ነው። «አባባ፣ ማኮብኮቢያው አይታይም። ሰማንያ ከብት ይሆናል፤ ሁሉም ተኝቷል። ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ሁለት ጊዜ አለፍኩ፤ ደወል የለም። ሰው የለም። ዝቅ ብዬ ባልፍባቸው ጆሯቸውን እንኳን አያንቀሳቅሱም።»

«ለምደውታል። ደግመሽ ዝቅ እንዳትዪ። ወንዙ ላይ ታንኳ ይታይሻል?»

«አዎ። ብዙ ናቸው፤ ወደ ታች ወርደዋል። ከፊት ያለው አበባ ተጭኗል።»

«የቅዱሱ ምስል ያለበት ነው። ኒካኖር ከሱ ኋላ ባለው ታንኳ ነው የሚሆነው፤ የእጅ ደወሉ በበዓል ቀን ከእጁ አይለይም። ታንኳዎቹ ላይ ሁለት ጊዜ እለፊ፤ በሁለተኛው ክንፍሽን ወዘወዝ አድርጊ። ከዚያ ከፍ ብለሽ ሞተሩን ቀንሰሽ ዙሪ። ሽቅብ ቀዝፈው እስኪመጡ ሃያ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። አትቸኩዪ።»

«እሺ አባባ።»

ሃምሳ ደቂቃ ሆነ። ሃምሳ አምስት ሆነ። ሃምሳ አምስትን ስናልፍ ዶን ቴዎዶስዮ ወንበራቸውን ወደ ሬዲዮው አስጠጉና ጆሯቸውን ለጠፉበት። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። በካርዱ ብትሄድ ኖሮ አሁን የሚቀራት ከመመለሻዋ በአሥራ ስድስት ሊትር ብቻ የሚበልጥ ነበር፤ ከሱም ላይ በየደቂቃው አንድ አንድ ሊትር እየወረደ። እኔ እንኳን፣ ዳቦ ሻጯ፣ ቆጠርኩት።

ሬዲዮው ውስጥ የኢንጂነሩ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፤ ሎርሂያን ነው የሚጠይቃት፤ እኛን አይደለም። ሳቁ ጠፍቷል። «ነዳጃችን ስንት ነው?»

«የክርስትና እናቴን ይጠይቋት» አለች። «እሷን ነው እየጠጣን ያለነው።»

በሰባ አራተኛው ደቂቃ «አረፍን» አለች። ኒካኖር ታንኳው ውስጥ ቆሞ እየደወለ፣ ፈረሰኞቹ የበዓል ልብሳቸውን እንደለበሱ ፈረስ ሳይጭኑ ሮጠው ነው ከብቱን የነዱት። ዶን ቴዎዶስዮ በእርሳሳቸው «74» ብለው ጻፉ። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁና ፊታቸውን በኮፍያው ሸፈኑ። እኔም አላየሁም ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ማታ ሲመለሱ ኢንጂነሩ በቀጥታ ወደ ሳንቃው ሄደ። ጃኬቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጥሎታል። ቆሞ ቆሞ፣ «ሰባ አራት ብለን እናርመው?» አለ።

«ሰባ አራት የበዓል ቀን ነው» አሉ ዶን ቴዎዶስዮ። «ሃምሳ አምስት የዘወትር ቀን ነው።»

ቅጹን አወጣና ከምክንያቶቹ «ኤርፖርት ዝግ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ዶን ቴዎዶስዮ ከትከሻው በላይ አዩት። «ዝግ አልነበረም፤ ክፍት ስለሆነ እኮ ነው ላሞቹ የገቡት» አሉ። ኢንጂነሩ ባልዲውን አነሣ። ኖራውን እኔ ለመንኩትና የዳቦ ቤቴን ግድግዳ ቀባሁበት፤ አሁንም ነጭ ነው።

ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ግን ኢንጂነሩ የኮቻባምባውን ደብዳቤ ይዞ መጣ። የድርጅቱ ካርድ ተሰርዞ የዶን ቴዎዶስዮ ሳንቃ በቦታው እንዲተካ ጠይቆላቸው ኖሯል። አለቆቹ እሺ ብለዋል፤ ግን አንድ ነገር አስገብተውበታል። ቁጥሮቹን ያወጣው ሰው ራሱ ተሳፍሮ አንዱን መስመር ማረጋገጥ አለበት። ከገጠመ ሃያ ሦስቱም ይጸድቃሉ፤ ካልገጠመ ሳንቃው ይወርዳል። መስመሩንም እነሱ ናቸው የመረጡት፤ ያው የተከራከሩበት ሳን ብላስ።

«እኔ አልሄድም» አሉ ዶን ቴዎዶስዮ። «ማን ያዳምጣል?»

«እኔ!» አልኩ።

«አንቺ?» ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አርባ አምስት ደቂቃ ዝም ትያለሽ?»

«ለሎርሂያ አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁ።»

አቀረቀሩ። እምቢታው የአውሮፕላን ፍርሃት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የኤርናን እግር ነው። ሎርሂያ መጥታ ክንዳቸውን ያዘች። «አባባ፣ ዛሬ ሰማይ ላይ የምንሆነው እኔና አንተ ብቻ ነን። ሌላ የሚጠበቅ የለም። እማማ ኔሊዳ ትሰማናለች።» እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አወረዱና ለእኔ ሰጡኝ። «ምንም ነገር እንዳትጠብሺ፤ ዘይት ሲንጫጫ ሬዲዮው አይሰማም» አሉ። ሚዛኑ ላይ ራሳቸው ወጡ፤ ራሳቸው ጮኹ፤ «ቴዎዶስዮ፣ ሃምሳ ስድስት!» መካኒኩ አጨበጨበ።

ተነሡ። ጻፍኩ። ኢንጂነሩ ቅጹን ዘርግቶ ከጎኔ ተቀመጠ።

ሎርሂያ በአያቷ መንገድ፣ ወንዙን ተከትላ ነው የሄደችው። በአርባ አምስተኛው ደቂቃ የዶን ቴዎዶስዮ ድምፅ መጣ። ድምፃቸውን ከሬዲዮ ውስጥ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወጣት ይመስላል። «ዶኛ ኔሊዳ፣ ሳን ብላስ ደርሰናል። ቤተ ክርስቲያኑ ላይ አለፍን።»

«ላሞቹስ?» አልኩ።

እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አስጠግቼ ጠበቅኩ።

«የሉም» አሉ። «ማኮብኮቢያው ንጹሕ ነው። አንዲት ጥጃ እንኳን የለችም።»

ኢንጂነሩ እስክሪብቶውን እንደያዘ ደረቀ። አርባ አምስት። እኒያ እርኩስ ላሞች ስንት ዓመት ሙሉ ተኝተው ተኝተው፣ ዛሬ ሄዱ! መራገም ጀምሬ ነበር፤ መዳፋቸው ከፍ ያለ መስሎኝ ተውኩት።

የሎርሂያ ድምፅ ተሰማ። «አባባ፣ ላርፍ ነው።»

«ቆይ» አሉ። «ዙሪ።»

«ለምን? ባዶ ነው እኮ።»

«ያ የእኛ ቤት አይደለም? ከቤቱ ኋላ ያለው ያ ማንጎ... እናቴ የተከለችው ማንጎ እኮ ነው! ቁመቱን አየሽው? ዙሪ ልጄ። ደግመሽ ዙሪ።»

ሬዲዮውን ሳይዘጉት ቀርተው ኖሮ ሁሉንም ሰማን። የቄሱን ቤት ለዩት። በታንኳ ከመንደሩ የወጡበትን ወደብ ለዩት። ዋና የተማሩበትን ኩሬ ሲያዩ ሳቁ፤ ትልቅ ይመስለኝ ነበር አሉ። ሎርሂያ ጥያቄ አላነሣችም፤ ዞረች፣ ደግማ ዞረች። ለሳንቃው ይሁን ለማንጎው እስከ ዛሬ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። እርሳሳቸውን እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍረኛል።

«አረፍን» አለች ሎርሂያ። ሰዓቱን አየሁ። ሃምሳ አምስት።

ኢንጂነር ግሮቨር ቅጹን ወደ ራሱ ሳበ። የፈጀው ጊዜ በሚለው ቦታ ላይ ሃምሳ አምስት ብሎ ጻፈ። ምክንያት የሚለው ጋ ሲደርስ አራቱን አንድ በአንድ አነበበ፤ የአየር ጠባይ፣ የሞተር ችግር፣ የመንገደኛ መዘግየት፣ ኤርፖርት ዝግ። እኔን አላየኝም። ከአራቱ ሥር በእስክሪብቶው አምስተኛ መስመር አሰመረና «ላሞች» ብሎ ጻፈበት።